እናናየሁ የረገጠችው ፍሬን

ጥር ገብቶ የእናናየሁ የእህት ልጅ ሠርግ ሲቃረብ፣ የደብረ ብርሃን ሰው የባሏን የጣሰውን ጉድ ለማየት ጓጉቶ ነበር። ባል መኪና እያለው ሚስት አንኮበር ድረስ በበቅሎ ልትሄድ ነው ሲባል ማን ዝም ይላል? «ባል በመኪና፣ ሚስት በበቅሎ» እያሉ ገበያ ላይ ይስቁበት ጀመር። ጣሰው ደግሞ መሳቂያ ከመሆን መታመም ይሻለዋል።

እሷ ላይ ግን አይፈረድም። ባለፈው ዓመት አንኮበር፣ የእህቷ ባል ወልደአረጋይ ደጃፍ ሲደርሱ፣ ያቺ ያገለገለች ሰማያዊ መኪና አልቆምም ብላ አጥሩን ጥሳ የጭድ ክምር ውስጥ ከነሰዎቿ ተቀበረች። እናናየሁ ከጸጉሯ ላይ ጭድ እየለቀመች፣ «ከእንግዲህ ቀጥ ብላ ስትቆም ሳላይ ብሳፈር ሚካኤል ይታዘበኝ!» ብላ ማለች። የሷ መሐላ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው በማግስቱ አይላላም።

ጣሰው የሚያፈሰውን የፍሬን ቱቦ አስቀየረ። አዲስ ዘይትም ሞላ። ፔዳሉ ግን ሲረገጥ ሊጥ የረገጡ ያህል ይሰምጣል። መካኒኩ፣ «ቱቦው ሲቀየር አየር ገብቷል። አንድ ሰው ይረግጣል፣ አንዱ ከጎማው ሥር ቡሎኗን ፈትቶ አየሩን ያስወጣል» አለውና፣ እሱም ሠርግ አለብኝ ብሎ ወደ እነዋሪ ላጥ አለ።

ጎረቤት መጥራት እንደገና መሳቂያ መሆን ነው። ስለዚህ ጣሰው የሚስቱን የወፍጮ መጅ አንሥቶ ፔዳሉ ላይ ጫነና ከመኪናዋ ሥር ገባ።

እናናየሁ ሽሮ ልትፈጭ ስትል መጇን አጣችው።

«አንተ ሰው! መጄን የት አደረግኸው?»

«ፍሬን እየረገጠልኝ ነው» አለ ከሥር።

«ድንጋይ ልቀቅ ሲሉት ይለቃል?»

ጣሰው ከሥር ወጥቶ መጁን ከፔዳሉ ላይ አነሣ። አንድ እጅ አያጨበጭብም። «እንግዲያው አንቺ ግቢልኝ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «መኪናዋ የትም አትሄድም፤ መሐላሽን አትነካም።»

እናናየሁ ቀሚሷን ሰብስባ መሪው ፊት ተቀመጠች።

«ርገጪ! ያዢ!» ቡሎኗን ሲፈታ ዘይቱ በቀጭን ላስቲክ ወርዶ ከሥሩ በደቀነው ብርሌ ውስጥ አረፋውን ደፈቀው። ገና ሳያጠብቅ እሷ እግሯን አነሣች።

«ኧረ አትልቀቂ! አየሩን መልሰሽ አስገባሽው!»

«ቀድመህ ንገረኛ! እኔ መካኒክ ነኝ?»

ከኋላ ጎማ ጀምረው፣ እየተጨቃጨቁ፣ አራቱንም አዳረሱ። የመጨረሻው አረፋ ሲጠፋ እናናየሁ ደንግጣ ጮኸች። «ጣሰው! አልወርድም አለ እኮ!» ደግማ ረገጠችው፤ ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ከመኪናዋ ሳትወርድ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ጣሰው ብቻውን መኪናዋን ይዞ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁል መጣ። እናናየሁ ከታች እጇን አጣጥፋ ቆማ ጠበቀችው። መኪናዋ ፊቷ ቀጥ አለች። «በሉ በቅሎውን መልሱ» አለች።

በሠርጉ ዕለት ሜዳውን ሁሉ እናናየሁ በሌለ ፍሬን ላይ እግሯን ተክላ፣ በየመታጠፊያው ወለሉን ስትረግጥ ሄደች። ጣሰው አይቶ እንዳላየ ሆነ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን የሚነዳው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ነበር።

የወልደአረጋይ ደጃፍ ላይ የቆመው ሠርገኛ ሰማያዊቷን መኪና ሲያይ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ግር ብሎ ሸሸ። ወልደአረጋይ አዲሱ አጥሩ ፊት እጁን ዘርግቶ፣ «ኧረ በሥላሴ!» አለ። ጣሰው ረገጠ። መኪናዋ አንድ ክንድ ሲቀራት፣ እንደ ሰለጠነች በቅሎ፣ ዝግ ብላ ቆመች።

ወልደአረጋይ ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ ሮጠ። «እናናየሁስ? እውነትም በበቅሎ ናት?»

ጣሰው ዞር ብሎ አያት። እግሯን አጥፋ፣ ራሷን ወንበሩ ላይ ጥላ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ተኝታ ነው የወረደችው! ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ እጁን በመስኮት አውጥቶ ከለከላቸው።

«ቀስ በሉ» አለ። «ተኝታለች።»