ዛፍ የማይተከልበት ሜዳ

ባለመኪናው የሻይ ብርጭቆውን ከወንበሩ ሥር አስቀምጦ ሲነሳ፣ ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ወሬውን አቋረጠ። ሰውዬው የጭነት መኪናዎች አሉት፤ ከዚያ ሁሉ ይበልጥ ግን የሚኮራው የሜዳው ጠባቂዎች ማኅበር ሊቀመንበር በመሆኑ ነው። ትናንት የተቀበረችው ሴት የማኅበሩ መሥራች ነበረች። ጉሮሮውን ጠረገና፣ እሷን የመሰለች ሰው በአበባ ጉንጉን ብቻ አትሸኝም አለ። ስለዚህ ማኅበሩ ተነጋግሯል። ነገ ጠዋት አንድ መኪና ሙሉ ችግኝ ሜዳው ላይ ይተከላል፤ ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል፤ ጫካውም በስሟ ይጠራል።

ሴቶቹ በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። የሟቿ ልጅ ከሶፋው ብድግ ብላ የባለመኪናውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ቀብሩ ላይ እንባ እምቢ ብሏት፣ ሰው ሁሉ በቆረጣ ሲያያት ነበር የዋለው። አሁን መጣላት።

በሩ አጠገብ የተቀመጠው የሟቿ ታናሽ ወንድም ግን ደሙ ፈላ። በያጁ ነው የሚሉት፤ ብረታ ብረት ቤት አለው፤ በሰፈሩ ካለው በርና መስኮት ግማሹ የሱ ሥራ ነው። ቁጣውም እንደ ብየዳው ነው፤ ቶሎ ይበራል፣ ያየውን ሰው ዓይን ያማል።

«ማንን ጠይቃችሁ ነው?» አለ።

«ማኅበሩን» አለ ባለመኪናው፣ ምስጋና ሲጠብቅ ጥያቄ መጥቶበት ግራ እየገባው።

«እሷንስ?»

ሳሎኑ በሙሉ አንገቱን ደፋ። በያጁ ቀጠለ። እዚያ ሜዳ ላይ ዛፍ መትከል እህቱን ሁለተኛ መቅበር ነው፣ ይህን ያሰበ ሁሉ ደንቆሮ ነው አለ። ሌላም ብዙ አለ። ምክንያቱን ከመናገሩ በፊት ግን ድምፁ ጣሪያ ነካ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማለት አልነበረም። አንድ አዛውንት ክንዱን ይዘው «ለቅሶ ቤት ነው፣ ልጄ» ብለው አስቀመጡት። የእህቱ ልጅ የባለመኪናውን እጅ ሳትለቅ አጎቷን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ኩሽና ውስጥ ነገሩ ወዲያው ሌላ መልክ ያዘ። ሬዲዮ የሚሏት ጎረቤት ብርጭቆ እያለቀለቀች፣ በያጁ ሜዳውን ሊሸጠው ደላላ አነጋግሯል ብላ አንሾካሾከች። አጠገቧ የቆመችው ሴት ሜዳው የማዘጋጃ ቤቱ እንደሆነ፣ ማንም ሊሸጠው እንደማይችል ነገረቻት። ሬዲዮ ትንሽ አሰበችና፣ ያልቻለው ለዚያ ነዋ፣ ያስጮኸውም እሱ ነው አለች።

በያጁ ጓሮ ወጥቶ ሲጋራ ለኮሰ። የሚያናድደው የሰዎቹ ክፋት አልነበረም፤ ክፋት ቢሆን መላ ነበረው። ደግ ሰው ሲሳሳት ነው መድኃኒት የሚጠፋው። ለሟች አንድ ነገር ካላደረግን ብሎ ይነሳና፣ ሟቹ ዕድሜ ልኩን የሠራውን በአንድ ጠዋት አፍርሶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል።

እህቱ ፋርማሲስት ነበረች። ያንን በሰፈሩ ጫፍ ያለ የሳር ሜዳ የወደደችው ሰው ሁሉ ባዶ መሬት በሚለው ዘመን ነው። ባዶ መሬት! ቤት ያልተሠራበት፣ ዛፍ ያልበቀለበት ሁሉ ባዶ ይባላል፤ ውስጡ ማን እንዳለ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። እዚያ ግን ቆቅ ነበር፣ ጥንቸል ነበር። ከሁሉም በላይ ረጅም እግርና ቀጭን አንገት ያላት፣ መልኳ የደረቀ ሳር የሚመስል አንዲት ወፍ ነበረች። እንቁላሏን መሬት ላይ ትጥላለች። ቀስ ብላ ስትራመድ የተጠራች እንግዳ እንጂ እንዲሁ የመጣች አትመስልም፤ ሰፈሩም «እመት ዝግታ» ብሎ ሰየማት። በዙሪያው ካሉት ከተሞች ሁሉ ጠፍታ የቀረችው እዚህ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሜዳውን ለመኪና ማቆሚያ ስጡኝ ብሎ ማመልከቻ ያስገባው ይኸው ባለመኪናው ነበር። እህቱ አልለመነችውም፣ አልተሟገተችውምም። ከነሱፍ ልብሱ ወስዳ ሳሩ ላይ በሆዱ አስተኛችው። «ለአንዴ እንኳ ዝም በል» አለችው። ሰውዬው ዝም ብሎ ተኝቶ ሳለ፣ እመት ዝግታ ጫጩቶቿን አስከትላ ከአፍንጫው ሥር አለፈች። ተነሥቶ ሱፉን አራገፈና በሳምንቱ ማመልከቻውን መልሶ ወሰደ። ማኅበሩ የተመሠረተው እንዲህ ነው። ጎረቤቱ በተራ ይጠብቃል፤ ሳሩ የሚታጨደው ጫጩቶቹ ሮጠው ማምለጥ ከቻሉ በኋላ ነው፤ ያ እስኪሆን ከብትም ማጭድም አይገባም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ ነገ ችግኝ ጭኖ የሚመጣው።

ማምሻውን እንግዳው ሲሳሳ የእህቱ ልጅ በረንዳው ላይ አገኘችው። ሌላ ከተማ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ የመጣችው ለቀብሩ ነው። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ነበር፤ አንዱን ሳትሰጠው አጠገቡ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ለመጮህ ሌላ ቀን አጣህ?»

ይቅርታ ጠየቃት፤ ከዚያ ስለ ምሰሶዎቹ ነገራት። ሜዳው መጀመሪያ ሲከለል አጥሩን የሠራው እሱ ነው። ለእህቱ ነው ብሎ ከሚገባው በላይ አሳመረው። በዙሪያው ረጃጅም የብረት ቋሚዎች ተከለ፤ መሐል ላይ ደግሞ ለጠባቂዎቹ መብራት የሚሰቀልባቸው ምሰሶዎች አቆመ። እህቱ ሳመችው። ወዲያው ቁራውና ጭልፊቱ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ምሰሶዎቹ ላይ ሰፈሩ። ከዚያ ላይ ሆነው እያንዳንዱን ጎጆ ቁልቁል ያያሉ፤ ወፏ ለአፍታ ስትነሳ እንቁላሉን ይወርዱበታል። በዚያ ዓመት አንድ ጫጩት አልተረፈም። ያልተበሉትም ወፎች ሸሹ፤ ከፍ ያለ ነገር ባለበት እንቁላል አይጥሉም።

እህቱ ብረታ ብረት ቤቱ ድረስ መጥታ በደንበኛ ፊት ሰደበችው። እሱም እንዳቅሙ መለሰላት። ተኳርፈው ከረሙ። በመጨረሻ አንድ ቀን መቁረጫውን ይዞ ሄደና የመሐሎቹን ምሰሶዎች ከሥራቸው ቆረጣቸው፤ የአጥሩን ቋሚዎች እስከ ጉልበት አሳጠራቸው። እህቱ መጥታ አየችው። የሚጠጣው ውሃ አቀበለችው። ዕርቃቸው ይኸው ነበር።

«ለቁራ ዛፍም ምሰሶም አንድ ነው» አለ በያጁ። «የኔን ምሰሶ ቆርጬዋለሁ። ይሄን ግን ማን ይቆርጠዋል? በእሷ ስም የተተከለ ዛፍ ላይ መጥረቢያ የሚያነሳ ሰው አለ?»

ልጅቷ ሻይዋን ሳትጠጣ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ገብቶኛል» አለች። «ግን አልፈልግም።»

ምኑን እንደማትፈልግ ጠየቃት።

«አንድ ቀን እንኳ ሜዳው ይሸነፍ። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ሜዳ ናት። ሲያመኝ መድኃኒቴን ራስጌዬ ታስቀምጥና ሜዳ ናት። ስደውልላት ስልኳ አይነሳም፤ ሜዳ ናት። አሁን ሞታም፣ ሳሩ እንዳይከፋው አንቺ ተይው ልትለኝ ነው? ዛፍ እፈልጋለሁ፣ ጋሼ። ሄጄ የምደገፈው፣ እናቴ ናት የምለው፣ ቁመት ያለው ነገር።»

 በያጁ ልጅቷ እውነቷን ነው ብሎ አሰበ፤ እውነቷን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። ለሟች ጥብቅና መቆም የሚከብደው ሟቹ ያጠፋበት ቦታ ላይ ሲደረስ ነው። እህቱ የጫጩት ድምፅ ከሳር ድምፅ ትለይ ነበር፤ የልጇን ድምፅ ግን ስንት ጊዜ ሳትሰማ አልፋለች። ይህን ለልጅቷ ሊነግራት አልደፈረም፤ ውሸት ሊነግራትም አልፈለገም።

«አልከለክልሽም» አለ በመጨረሻ። «ጠዋት ቀድመን እንሂድ። ቦታውን አንቺ ምረጪ። እዚህ ይተከል ካልሽ ጉድጓዱን እኔ እቆፍራለሁ።»

«ትቆጣለሃ።»

«እቆጣለሁ። እየተቆጣሁ እቆፍራለሁ።»

ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች፤ ውስጥ ገና ሰው ነበር።

ጠዋት ሜዳው ላይ ጤዛው እስከ ወገባቸው አረጠባቸው። በያጁ ዶማ ተሸክሞ ከኋላዋ ሄደ፤ ቃሉን ላለማጠፍ ጥርሱን ነክሷል። ልጅቷ ከልጅነቷ ወዲህ እዚህ ገብታ አታውቅም። ወዲያና ወዲህ አለች፤ ለዛፉ የሚሆን ከየትም የሚታይ ቦታ ነበር የምትፈልገው፣ ችግሩ ግን ሁሉም ቦታ ከየትም ይታያል። መሐል ስትደርስ ቆመች።

«እሷ የት ነበር የምትቆመው?»

«አትቆምም» አለ በያጁ። «ትቀመጣለች። የቆመ ሰው ካዩ ይሸሻሉ።»

ልጅቷ ተቀመጠች። እሱም ዶማውን አጋድሞ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ሳሩ በራሳቸው ላይ ገጠመ። ቤቱ፣ መንገዱ፣ የሐዘንተኛው ሁሉ ፊት ጠፋ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ቀጥሎ ነፋስ ነበር፤ ቀጥሎ ነፋስ ያልሆነ ነገር ሳሩን ገለጥ አደረገው። ወፏ ብቅ አለች። አንድ እግሯን አነሳችና የት እንደምታሳርፈው የረሳች ይመስል አየር ላይ አቆየችው። አሳረፈችው። ሌላውን አነሳች። ማንም የሚያስቸኩላት የለም።

ልጅቷ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በያጁ ታለቅሳለች ብሎ ፈራ፤ እየሳቀች ነበር።

«እናቴን ቁርጥ» አለች በሹክሹክታ። «ፋርማሲው በር ድረስ ሰው ተሰልፎ፣ እሷ እንዲህ ነበር መድኃኒት ለማምጣት የምትሄደው።»

ከዚያ በኋላ አለቀሰች። ወፏ አልሸሸችም።

የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ግን ሳሩ ውስጥ ገብታ ጠፋች። የጭነት መኪናው የአጥሩ በር ላይ ቆሟል፤ ችግኙ ተደርድሮበታል፤ ከኋላው ሰፈሩ አካፋና ዶማ ይዞ መጥቷል። በያጁ ሊነሳ ሲል ልጅቷ ትከሻውን ተጭና ቀድማው ተነሣች። አፍህን ያዝ ማለቷ እንደሆነ ገባው፤ ያዘ።

በሩ ላይ ለባለመኪናው የነገረችውን በያጁ በሩቁ ነው የሰማው። ስለ ቁራው፣ ስለ ምሰሶዎቹ፣ አሁን ስላየችው ወፍ ነገረችው። ትናንት እሺ ያለችው እሷ መሆኗን፣ አሁን እምቢ የምትለውም እሷው መሆኗን፣ ውለታውን ግን እንደማትረሳ ነገረችው። ባለመኪናው ባርኔጣውን አውልቆ ሲያዳምጥ ቆየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ዛፍ ተክሎ የተወቀሰ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር» አለ። ወደ ሜዳው ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷን ብቻ ሳስብ ወፎቹን ረሳኋቸው።»

በያጁ ቀረብ ብሎ፣ ትናንት ደንቆሮ ያልኩትን እርሳልኝ አለው።

«አልረሳውም፤ እውነት ነው» አለ ባለመኪናው። «ግን ቀስ ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ችግኙ እሱ መኪና ወደሚያቆምበት ግቢ እንዲሄድ ተስማሙ፤ ሾፌሮቹ ጥላ አጥተው ከመኪና ሥር ነው የሚተኙት። ሾፌሩ መኪናውን አዙሮ ሲሄድ ሰዉ መሣሪያውን እንደተደገፈ ቀረ። ሐዘኑን በእጁ ሊወጣ መጥቶ እጁ ባዶ ሆነበት። ሬዲዮ፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዶማ የተሸከምነው ልናሳየው ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ጥያቄው የሁሉም ነበር።

የመለሰላት ባለመኪናው ነው። ሟቿ ከታመመች ጀምሮ ማንም ልብ አላለም እንጂ፣ ከመንገዱ በኩል፣ ጎጆ በሌለበት ጫፍ፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሜዳውን እየወረረ ነው፤ ካልተነቀለ ሳሩን አፍኖ ይጨርሰዋል። ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለና ገባ። ሰዉ ተከተለው። ሬዲዮ አንዱን ነቅላ ከፍ አድርጋ አሳየች፤ ከዚያ በኋላ ወሬዋም ሥራዋም አልተቋረጠም።

ልጅቷ ብቻዋን ጥግ ይዛ ትሠራ ነበር። ጓንት ያልያዘች እሷ ብቻ ናት። አንዱ ቁጥቋጦ እምቢ ሲላት በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ተንጋለለች፤ ከነሥሩ ወጣ። አፈሩን ከሥሩ ላይ አራግፋ ጉድጓዱን ሞላችው፤ ሳሩን ከግራና ከቀኝ ሳብ ሳብ አድርጋ ገጠመችበት። የተነቀለ ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

በያጁ መዳፏ ላይ ደም አየና አጠገቧ ቁጭ አለ። እጇን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረው። እሾሁ አውራ ጣቷ ሥር ገብቶ ተሰብሯል። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፣ ለብረት እንጂ ለእንዲህ ያለ ሥራ አልተፈጠሩም፤ ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው በጥፍሩ ጫፍ ያዘውና ሳበው።

«ወጥቷል» አላት።

«አውቃለሁ» አለች፤ እጇን ግን ከእጁ አላወጣችም።