የመቀስ ጡረታ

ጡረታ ልውጣ ብዬ ብሄድ፣ ሰላሳ ዓመት የሠራሽበትን ማስረጃ አምጪ አሉኝ። የእኔ ወረቀት ሃያ ሰባት ዓመት ከአራት ወር ይላል። የምኖርባት ከተማ ደግሞ ስሟ ራሱ ሰላሳ ሦስት ነው፤ በቋንቋችን ትሬይንታ ኢ ትሬስ። ባሌ ዊልማር ይቺን ቀልድ ካገኘ ወዲህ አፉን አልዘጋም።

«ከተማዋ ሦስቱን ብትሰጥሽ እኮ ለእሷም ሰላሳ ይተርፋታል!» ይላል፤ ራሱ ተናግሮ ራሱ ይስቃል።

እኔ ግን የምስቅበት ጉልበት አልነበረኝም። ጉልበት ስል የእውነት ጉልበቴን ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ደረጃ ሳጥብ ኖሬ፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ሁለቱም እንደ አሮጌ በር ይንቋቋሉ። ጡረታው ከተከለከለ ሦስት ዓመት ያህል ደግሞ ደረጃ ልወጣና ልወርድ ነው። እንዴት ብዬ?

የጎደለኝ ዘመን የት እንደቀረ አሳምሬ አውቃለሁ። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ በዶን አውሬሊዮ ሸሚዝ ቤት ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ። ዶን አውሬሊዮ ለጡረታ አላስመዘገበንም። «ገና ልጆች ናችሁ፣ ስለ እርጅና ምን አስጨነቃችሁ?» ይለን ነበር። እኛም እንስቅ ነበር፣ ጅሎች! አሁን እሱ ሞቷል፣ ሸሚዝ ቤቱ ጎማ መሸጫ ሆኗል፣ መዝገቡንም ወንዙ የሞላ ጊዜ ውኃ ጠርጎ ወስዶታል። ዛሬ ሥራ የሚጀምር ወጣት ባገኘሁ ቁጥር ክንዱን ይዤ «አስመዝግበውሃል? ወረቀቱን በዓይንህ አይተሃል?» እላለሁ። እብድ መስዬያቸው ይሸሹኛል።

ወረቀት የሌለው ሰው አብረውት የሠሩ ሁለት ምስክሮች ማቅረብ ይችላል። ከዚያ ቤት በሕይወት የቀሩት ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ሸሚዝ ይተኩስ የነበረው ሽማግሌው ዳርዶ ነው፤ እግዜር ይስጠው፣ ባለፈው ሳምንት አብሮኝ ሄዶ የሚያውቀውን ተናግሮልኛል። ሁለተኛዋ ዙልማ ናት።

ዙልማ! ከእሷ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኳርፈናል። ወደ መንደር ሄዳ መኖር እስክትጀምር ድረስ መንገድ ላይ ስትመጣ ካየሁ እሻገር ነበር፤ እሷም ትሻገር ነበር፤ አንዳንዴ ሁለታችንም ተሻግረን መሃል አስፋልት ላይ እንጋጠም ነበር።

የተጣላነው በትሩኮ ነው። ትሩኮ ሁለት ለሁለት የሚገጠም የካርታ ጨዋታ ነው፤ ባንድ ወገን ያሉት ጓደኛሞች በፊታቸው ምልክት ይነጋገራሉ። ሁለት ቅንድብ ወደ ላይ ማንሳት «ትልቁ ካርታ እኔ ጋ ነው» ማለት ነው። ተጋጣሚህን እንዳሻህ ታታልላለህ፣ ጨዋታው እሱ ነው። ለጓደኛ የውሸት ምልክት መስጠት ግን ነውር ነው፣ ማንም አያደርገውም። እኔና ዙልማ አስራ ስምንት ዓመት አብረን ተጫውተናል። በክለቡ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሽልማቱ የሰባ ጠቦት በነበረበት ቀን፣ ዙልማ ቅንድቧን ሽቅብ ሰቀለችልኝ። እኔም ውርርዱን ለመጨመር «ትሩኮ!» ብዬ ጮህኩ፤ ተጋጣሚዎቻችን ሲጨምሩ ጨመርኩ፣ ሲጨምሩ ጨመርኩ። ካርታው ሲገለጥ ዙልማ እጅ የነበረው የማይረባ አራት ቁጥር ነው። ጠቦቱ ሄደ። ብድግ ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ውሸታም!» አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ኮቷን አንስታ ወጣች።

አሁን እንግዲህ ውሸታም ብዬ ያዋረድኳትን ሴት፣ ነይና እውነቴን መስክሪልኝ ልላት ነው። በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ? ዊልማርን ላክሁት። እሷ ካለችበት መንደር በአውቶቡስ ደርሶ መልስ ሄዶ ማታ ገባ።

«ምን አለች?»

«‹ለመቀስ ከሆነ እመጣለሁ› አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። እንደ ቡና የመረረ ፊት አሳይታኝ የአተር ሾርባ አበላችኝ።»

መቀስ እኔ ነኝ። የመታወቂያ ስሜ ኒቢያ ኦሊቬራ ነው፤ ይህን የሚያውቁት ግን መታወቂያዬና ነፍሷን ይማርና እናቴ ብቻ ናቸው። እኛ ከተማ ማንም በስሙ አይጠራም። ሐኪሙ ጉጉት ነው፣ ዳቦ ጋጋሪው ቁንጫ ነው፣ ባሌን ራሱን «ሾርባ» ካላሉት ዞር አይልም። የእኔ ስም እንዴት እንደወጣ ደግሞ አገር ያወቀው ታሪክ ነው፤ ዶን አውሬሊዮ ደመወዝ ሲያዘገይብን ክራባቱን ጨምድጄ ይዤ በመቀስ ከግማሹ ቆረጥኩለት። ዊልማር ሥጋ በተጠበሰ ቁጥር ይህን ያወራል፤ በየዓመቱ ክራባቱ ይረዝማል፣ ዶን አውሬሊዮም አብዝቶ ይንቀጠቀጣል።

በቀጠሮው ቀን ጡረታ ቢሮ ደረስን። ዙልማ ቀድማ ተቀምጣለች፤ ፔርሙሷን በብብቷ ሸጉጣ፣ የማቴ ሻይ ቅሏን ይዛ በቀሰም ትምግ ነበር። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ምን ልበላት? «እንደምን አደርሽ» አልኩ ለግድግዳው። «ደህና» አለች ለፔርሙሱ።

ሚካኤላ የምትባል መነጽር ያደረገች ወጣት ሠራተኛ ዙልማን አስገባች። ክፍሉ በመስታወት የተከለለ ነው፤ በሩም ገርበብ ብሏል። እኔና ዊልማር ደጅ አግዳሚው ላይ ሆነን ሁሉንም እንሰማለን።

«ዶኛ ኒቢያ ኦሊቬራን ያውቋታል?» አለች ሚካኤላ።

«አላውቃትም» አለች ዙልማ።

ዊልማርን በክርኔ ጎሸምኩት።

«እስቲ ረጋ ብለው ያስቡ፣ ኒቢያ ኦሊቬራ...»

«ምኑን አስባለሁ ልጄ? በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቅ ስም ነው።»

ደሜ ፈላ። ለካ ሃያ ሁለት ዓመት ቂሟን አስቀምጣ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ የመጣችው ለዚህ ኖሯል! ዊልማር ቀሚሴን ቢይዘኝ መንጭቄው ተነሳሁ። ጉልበቴም ረሳኝ፣ እኔም ረሳሁት። በሩን በርግጄ ገባሁና «ውሸ...» ብዬ ስጀምር፣ ዙልማ በጣቷ ጠቆመችኝ።

«ይኸው! እኔ የመጣሁት ለእሷ ነው፣ ለመቀስ! ይቺን ኒቢያ የምትሏትን ሌላ ሰው ይመስክርላት። እኔ የስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ያመልጠኛል።»

አፌን በእጄ ከደንኩ። ሁለተኛ ልላት ነበር እኮ! እግዜር ነው ያወጣኝ።

«ዙልማ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ኒቢያ እኔ ነኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንቺ? ኒቢያ?» አለች። «አትመስይም።»

ሚካኤላ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ቀጥላ ግን ኮስተር አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶኛ። ምስክሯ የሚያውቁት መቀስ የምትባል ሴት ነው። ማመልከቻው ላይ ያለችው ኒቢያ ናት። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ማረጋገጥ አለብኝ፤ አለዚያ ፋይሉን እዘጋዋለሁ። ለየብቻ አንድ ጥያቄ እጠይቃችኋለሁ፤ መልሳችሁ ከገጠመ እጽፋለሁ። እርስዎ ውጭ ይቆዩ።»

ወጣሁ። በሩ በዚህ ጊዜ ጥርቅም ተደርጎ ተዘጋ። ዙልማ እጇን እያወናጨፈች ስታወራ፣ ሚካኤላ ስትጽፍ አያለሁ፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። ከዚያ ዙልማ ወጣች፣ እኔ ገባሁ፤ ዊልማርም የወረቀት ከረጢቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ካልገባሁ አለና ከኋላዬ ቆመ።

«ጥያቄው አጭር ነው» አለች ሚካኤላ። «መቀስ የሚለው ስም ለምን ወጣልዎ?»

«ኧረ ይቺማ ቀላል ናት!» አለ ዊልማር። «ክራባቱን...»

«እርስዎን አልጠየቅሁም፣ ዶን።»

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የክራባቱ ታሪክ ውሸት ነው። ዶን አውሬሊዮ ክራባት አስሮ አያውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ እውነተኛውን የሚያውቅ ደግሞ በሕይወት ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ዙልማ፤ ዳርዶ ይተኩስ የነበረው ሌላ ክፍል ነው። ታሪኩን ሳወራ አብራኝ እየተቀመጠች አንድም ቀን አላጋለጠችኝም፤ እውነት ነውም ብላ አታውቅም። የማቴ ቅሏን አቀርቅራ ታያለች፣ በቃ።

ታዲያ አሁን የቱን ተናግራ ይሆን? ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነግራት ከሆነ፣ እውነቱን ባወጣ መልሳችን አይገጥምም። እውነቱን ነግራት ከሆነና እኔ ክራባት ብል፣ ያው ገደል ገባሁ። የጎደለኝ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር በአንድ ቃል!

ቀና አልኩ። ሚካኤላ ለመስታወቱ ጀርባዋን ሰጥታለች። ከመስታወቱ ወዲያ ዙልማ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትክ ብላ ታየኛለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሁለቱንም ቅንድቧን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ሰቀለች።

ትልቁ ካርታ እኔ ጋ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ያንገበገበኝ ያ ቅንድብ! ልመነው? ያኔ አምኜው ጠቦት በልቶብኛል፤ ዛሬ የሚበላው እርጅናዬን ነው። ግን አስቡት፤ ይቺ ሴት ክራባት ሳይኖር ክራባት አለ ብላ የማታውቅ ናት። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አርባ ዓመት ሙሉ። ውሸታም የተባለችው ግን እሷ ናት። አፈርኩ፤ እውነቴን ነው፣ ከእግሬ እስከ ጆሮዬ አፈርኩ።

«ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ነው» አልኩ። «ለኮሌታ የሚሆን ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስቆርጥ፣ የራሴን ጉርድ አብሬ ቆረጥኩት። ከታች እስከ ወገቤ። ቀና ስል ጉርዱ ሁለት ሆኗል፣ ወንዶቹ ቆራጮች ይንከተከታሉ፣ እኔ በውስጥ ልብሴ ቆሜ አለቅሳለሁ። ዙልማ የራሷን ሽርጥ ፈታ በኋላዬ አሰረችልኝ። ማታ ደግሞ እስከ ቤቴ ድረስ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለች ሸፍና አደረሰችኝ። በማግስቱ መቀስ ተባልኩ።»

ሚካኤላ ትጽፍ ጀመር።

«ክራባቱስ?» አለ ዊልማር፣ ልጅነቱን የቀሙት ይመስል።

«ክራባት የለም፣ ዊልማር።»

«ክራባት የለም?»

ሚካኤላ ጽፋ ጨረሰች፤ መነጽሯንም አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። በሳቅ ይሁን በሌላ አላውቅም። «ሽርጡ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ።

«ሰማያዊ፤ ኪሱ ላይ የወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት።»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። በዙልማ ምስክርነት መጨረሻ ላይ «ሰማያዊ፣ ኪሱ የወይን ጠጅ የነካው» ይላል። ከላይ ደግሞ በትልቁ «ኒቢያ ኦሊቬራ፣ በተለምዶ መቀስ» ተብሎ ተጽፏል።

ወጣሁና ከዙልማ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ማቴውን ሞልታ ሰጠችኝ። አንድ ጊዜ ማግኩና ቅሉን መለስኩላት።

«ይቅር በይኝ» አልኩ። «ውሸታም ያልኩሽ እኔ ራሴ ነኝ ውሸታሟ። አፌ ይቆረጥ።»

«ተይው እቴ፣ በቆረጥሽው ቁጥር ጉድ ነው የሚወጣው።»

«ግን ያን ቀን ቅንድብሽን ምን አስነሳው? አራት ቁጥር ይዘሽ!»

ዙልማ ዊልማርን አየችው። ዊልማር ጣሪያውን አየ።

«ንገራት» አለችው።

«አሁን ይሄ ጡረታ ቢሮ የሚወራ ነው?» አለ ዊልማር፤ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ከኋላሽ እኮ ነበር የቆመው» አለች ዙልማ። «እንጨት ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሱሪው ከኋላ ተተረተረ። ከላይ እስከ ታች፣ ልክ እንደ ጉርድሽ። እኔ ያየሁትን ያየ ሰው ቅንድቡ የማይነሳ አለ? ልናገር ብል የክለቡ ሰው ሁሉ ዞሮ ሊያየው ነው። አንቺም ዕድል አልሰጠሽኝ።»

«አንተ ታውቅ ነበር?» አልኩ ወደ ዊልማር ዞሬ። «ሃያ ሁለት ዓመት?»

«ክራባቱ የለም አልሽ አይደል?» አለኝ። «ተካካስን።»

ምን ይባላል? ሦስታችንም እዚያው አግዳሚ ላይ ሳቅን፤ የጥበቃ ሠራተኛው መጥቶ ደህና ናችሁ ወይ እስኪለን ድረስ። የስድስት ሰዓቱ አውቶቡስም አመለጣት፤ እኛ ቤት በላች፣ አደረችም።

ደብዳቤው በሁለተኛው ወር መጣ። ሰላሳ ዓመት ከአራት ወር ይላል። የትምህርት ቤቱን ደረጃ አንድ ጊዜ ምራቄን እንትፍ ብዬበት ተሰናበትኩት። ከመጀመሪያው ጡረታዬ አንድ የሰባ ጠቦት ገዝቼ ክለቡን ሁሉ ጠራሁ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊትም ብድግ ብዬ «ዙልማ ውሸታም አይደለችም፣ ውሸታሟ እኔ ነበርኩ» አልኩ። የክራባቱንም አወጣሁ። የሱሪውን ግን አልተናገርኩም፤ እሱስ ባሌ ነው።

ከምሳ በኋላ ካርታ ታደለ። ዙልማ ካርታዋን ገልጣ አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ሁለቱንም ቅንድቧን ሽቅብ ሰቀለችልኝ።

እኔም መጀመሪያ ዞር ብዬ የዊልማርን ሱሪ አየሁ። ደህና ነው። «ትሩኮ!» ብዬ ጮህኩ።