የጥር አማት

እኔ ኦቢን፣ በአንዡ አገር ፒር የሚባለው ፍሬ አዋቂ ነኝ ባይ ነኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ በመንደራችን የፍሬ ቀን ጠረጴዛ ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ሰው ከጓሮው ለቅሞ ያመጣል፤ እኔ ልጣጩን አይቼ የዝርያውን ስም እነግረዋለሁ።

አምና ማዳም ሌዎንቲን ሦስት ፍሬ በመሀረብ ቋጥረው መጡ። ልጣጫቸው ሻካራ፣ ቡናማ፣ ጭራቸው አጭርና ወፍራም።

"ባሌ ጋኤታን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ 'ይቺ ጠፋች የምትባለው ዝርያ፣ የጥር አማት ናት' ይለኝ ነበር" አሉ። "ልጄ ለመኪና ማቆሚያ ዛፏን ካልቆረጥኩ እያለ መከራዬን ያበላኛል። አንተ ከመሰከርክላት ይተዋታል።"

የብርድ ወራት ፒር በጥቅምት አይቀመስም። ምድር ቤት ገለባ ላይ ተኝታ ጥርን ትጠብቃለች፤ ይሄን እዚህ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ግን ሰው ከቦኛል። "ጥር ላይ ይምጡ" ማለት አላውቅም ማለት መሰለኝ። አንዷን ቆርጬ ነከስኩ። ድንጋይ ናት፣ መሀሏ አሸዋ።

"ማዳም፣ ይቺ ተቀቅላ ብቻ የምትበላ ተራ ፒር ናት። ሙሴ ጋኤታን በምን ጥርሳቸው ነው የቀመሷት?"

ሰው አውካካ። እሳቸው ቀልተው፣ ሁለቱን ፍሬ እንኳ ሳያነሱ ሄዱ። ፍሬዎቹን ሚስቴ ወስዳ ምድር ቤት ገለባ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ጥር ላይ ድንች ላወጣ ብወርድ ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። ፒሮቹ ወርቅማ ሆነዋል። የአንዷን አንገት በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው እሺ አለ። ቆርሼ ቀመስኩ፤ አፌ ውስጥ ቀለጠች፣ አሸዋ የሚባል የለም። ሙሴ ጋኤታን ልክ ነበሩ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሁለተኛዋን ይዤ ሮጥኩ። ጓሯቸው ሲሚንቶ ፈስሶበታል።

"ልጄ ለገና ቆረጣት" አሉኝ።

"አንዲት ቅርንጫፍ የለችም? ሌላ ዛፍ ላይ እቀጥላታለሁ። ዘሯ ቢተከል ያው አይወጣም።"

"ምድጃ ገብታ ነደደች፣ ኦቢን።"

ፒሯን ቀስ ብለው በማንኪያ በሉ። አፋቸውን ጠረጉና፣ "ጋኤታንን ሰው ፊት ነው ያዋረድከው" አሉ። "እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ፊት ትናገራለህ።"

እሁድ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ፣ ፒሯ የጥር አማት እንደነበረች፣ የተሳሳትኩትም እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። የዳቦ ጋጋሪው የዴሲሬ ፊት በራ።

"የጥር አማት ተገኘች በለኛ! ለእኔም አንድ ቅርንጫፍ ቁረጥልኝ።"

"ዛፏ ተቆርጣለች።"

"የትኛው ደንቆሮ ነው የቆረጣት?"

የማዳም ሌዎንቲን ልጅ ከእናቱ አጠገብ አንገቱን ደፋ።

"እኔ" አልኩ።