የዶምባ ፓሬ ገረድ

«ማዳም፣ ሰውየው ገረዴን አምጡልኝ እያለ ነው» አለ ኮሲ በስልክ። «ሚስቱን ጠየቅኳት። በዚህ ቤት ገረድ ኖሮ አያውቅም አለችኝ። የሌለ ሰው እየታየው ነው ብዬ ልመዝግብ?»

የአእምሮ ሕክምናው የድንገተኛ ጥሪ ቡድን መሪ ታላቶ ኒኪዬማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቆይ እስቲ። ከዚያ በፊት ምን ብለኸው ነበር?»

«ምንም። አለቃችሁ ማን ይባላል አለኝ፤ ማዳም ኒኪዬማ አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። ‹ገረዴን አለቃ አደረጓት? በሉ አምጧት፣ ቤቱ ከተጠረገ ስንት ጊዜው!› አለ። እርስዎን የሚያውቅዎ መስሎታል።»

ታላቶ ሳቅ አመለጣት። «በታመመ ሰው ይሳቃል?» አለ ኮሲ። ቅር እንዳለው ከድምፁ ገባት።

«በሱ አይደለም የሳቅኩት፣ ኮሲ። የአባቱ ስም ማን ነው?»

«ፓሬ። ዶምባ ፓሬ።»

«ሳሞ ነዋ! እኔ ሞሲ ነኝ፤ ከስሜ አውቆኝ ነው። ሳሞ ሞሲን ካልሰደበ ሰላምታ ሰጠ አይባልም። ምንም አልታየውም። ሰላም ብሎኝ ነው።»

«ከማለዳ ጀምሮ ከአፉ የወጣው ይሄ ብቻ ነው» አለ ኮሲ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው መጣሁ።»

ኮሲ የጎረቤት አገር፣ የሎሜ ልጅ ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ጥንቁቅ፣ ኩዱጉን ገና ያልለመደ። በዚያ ከተማ ሞሲና ሳሞ የሚባሉት ሁለት ሕዝቦች ሲገናኙ፣ በቆየ የቀልድ ወግ፣ አንዱ ሌላውን የውሻ ራስ በላተኛ ይለዋል፤ ያም መልሶ አህያዬን ይዞ የጠፋ አሽከር ይለዋል። የተቆጣ ተሸነፈ። ለቅሶ ቤት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከሌላው ወገን የመጡት ለቀስተኞች የሟቹን ባርኔጣ ደፍተው፣ አረማመዱን አስመስለው ያሾፋሉ፤ አስከሬኑ በሚወጣበት ደጅ ላይ ተጋድመው ካልተከፈለን አናሳልፍም ይላሉ። ሐዘንተኛው እንባው ሳይደርቅ ይስቃል። የታላቶ አክስት ቢባታ በዚህ የታወቀች ነበረች። ታላቶ ግን አክስቷ ደጅ ላይ ስትጋደም ሕዝቡ መሀል ተሸሽጋ የምታይ ልጅ ነበረች። ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ ማድረግ ያሳፍራታል።

ሞተር ብስክሌቷን እየነዳች ስትሄድ ይህንኑ አሰበች። የሚባለውን ታውቃለች። ማለቱ ነው ችግሩ።

ከደረሰች በኋላ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ አየች። ዶምባ የአህያ ጋሪ ሠሪ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ታላቅ ወንድሙን ካርፋን፣ ቱጋን ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለው መንደራቸው ውስጥ፣ ታጣቂዎች ገደሉት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ከዓይኑ ጠፋ፤ ምግብም ተወ። ዛሬ ከንጋት ጀምሮ የብየዳ ቤቱን የብረት በር ከውስጥ ቀርቅሮ፣ የጋዝ ሲሊንደር አጠገብ ላይተር ይዞ ተቀምጧል። ሚስቱ ሶላንዥ በቀዳዳ አይታዋለች። የሰፈሩ ሽማግሌ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ካልወጣ በሩ ይሰበራል ብለዋል። ጎረምሶቹም ዲጂኖ ይዘው ቆመዋል። ዲጂኖው በሩን ሲመታ አንዲት ብልጭታ ብትወጣ ምን እንደሚሆን የሚያስብ ያለ አይመስልም።

የቡድኑ ሹፌር ባቲዮኖ እጆቹን ዘርግቶ ሰዉን ወደ ኋላ ይገፋል። «ሂዱ እንጂ! ሠርግ አለ ያላችሁ ማን ነው?»

«እርስዎን ካልሆነ አላናግርም ብሏል» አለ ኮሲ።

ታላቶ ለቡድኗ ያወጣችው ደንብ ነበር፦ መሪ በር ላይ አይቆምም። በር ላይ የቆመ በሩን ብቻ ነው የሚያየው፤ ሁሉንም የሚያይ አንድ ሰው ከኋላ መቅረት አለበት። ደንቡን ልትሽረው አልፈለገችም።

«እንግዲህ ከአሁን ጀምሮ መሪው አንተ ነህ» አለችው። «በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። እጅህን ካነሳህ እመለሳለሁ።»

«ምንም እየተናገሩ ቢሆን?»

«ምንም እየተናገርኩ ቢሆን።»

በሩ አጠገብ ደርሳ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አቶ ዶምባ፣ ደህና አደሩ? ታላቶ ኒኪዬማ እባላለሁ። ልረዳዎ ነው የመጣሁት።»

ከውስጥ የሻከረ ድምፅ መጣ። «ይቺ ደግሞ አንቱታ ከየት ተማረች? እኔ ገረዴን አምጡ አልኩ እንጂ ሰባኪ አምጡ አልኩ?»

ከኋላዋ አንዳንዱ ሳቀ። ፊቷ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቢባታ ብትሆን ምን ትል ነበር?

«አንተ የውሻ ራስ በላተኛ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ።

«አልሰማሁም!»

«የውሻ ራስ በላተኛ! በሩን የዘጋኸው ብቻህን ልትግጠው ነው አይደል? ለሰው ላለማካፈል!»

ከውስጥ አጭር ሳቅ ተሰማ፤ ወደ ሳል ተለወጠ። «አሁን ገና መጣች! አህያዬንስ የት አደረስሽው?»

«ያንተን ጋሪ ሲጎትት ሞተ። አንተ የሠራኸውን ጋሪ የጎተተ አህያ ክረምት አይሻገርም።»

«ውሸታም! በኩዱጉ ከኔ ጋሪ የሚሻል ካለ አምጪልኝ! እኔ የበየድኩት—»

ያን ጊዜ የጋዙ ሽታ አፍንጫዋን መታት። ዘወር ስትል ኮሲ እጁን አንስቷል።

ዶምባ ገና ማውራት መጀመሩ ነበር። ስለ ሥራው ሲናገር ድምፁ የጤነኛ ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር። ግን ቃል ሰጥታለች። እየቀፈፋት ወደ ኋላ ተመለሰች።

«የት ትሄጃለሽ?» አለ ዶምባ። ድምፁ በአንድ ጊዜ አነሰ። «አንቺም ልትሄጂ ነው?»

ከግቢው ደጅ፣ ከአንድ ኒም ዛፍ ሥር ደርሳ ቆመች። የሚሠራቸው ጋሪዎች ሁሉ የሚወጡት በዚህ ደጅ ነው። ከዚህ ቤት ሰው ቢሞትም በዚሁ ነው የሚወጣው። ታላቶ መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተችና፣ ደጁን አግድማ አቧራው ላይ ተኛች።

«ኧረ!» አለች አንዲት ሴት። ነገሩ መጀመሪያ የገባው ባቲዮኖ ነበር። ምንም ሳይናገር ቆቡን አወለቀ።

«ዶምባ ፓሬ!» ብላ ጮኸች። እንዲህ ጮኻ አታውቅም። «በዚህ ደጅ ማንም አይወጣም! ወንድምህ ሞቷል አሉ። ሞሲ ሳይጠራ፣ ድርሻችንን ሳንቀበል ማን ቅበሩ አላችሁ? ተኝቻለሁ። ካልተከፈለኝ አልነሳም!»

ይስቁ የነበሩት ሁሉ ጸጥ አሉ። አበዛሁት ይሆን ብላ ሰጋች። በቅጠሎቹ መሀል ነጭ ሰማይ ይታያል። ጉንዳን አንገቷ ላይ ወጣ፤ አላራገፈችውም።

«እኔ አልቀበርኩትም» አለ ዶምባ በመጨረሻ። «መንገዱ ተዘግቶ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው የቀበሩት። ባርኔጣውን ደፍቶ ያሾፈበት የለም። አንድ ሞሲ እንኳ ደጁ ላይ አልተኛበትም። ዝም ብለው አፈር መለሱበት። እንደሌለ ሰው።»

«እኮ ለዚህ ነዋ የመጣሁት። እንዲያው ያ ካርፋ ስንት የውሻ ራስ ሳይከፍለኝ ነው የሞተው!»

ከውስጥ የወጣው ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየችውም። ሁለቱም ሳይሆን አልቀረም።

«ምን ልክፈልሽ?»

«እጅህ ላይ ያለውን።»

«ላይተሩን?»

«ላይተሩን። ወርውረው።»

«ከዚህ አይደርስሽም።»

«ታዲያ በሩን ክፈታ! ገረድህ ነኝ እንጂ አሞራ አይደለሁም።»

መቀርቀሪያው ተንሸራተተ። በሩ ተከፈተ፤ ንፋሱም ሽታውን ይዞ ወጣ። ዶምባ ከስቶ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ደጁ ላይ ተዘርግታ የተኛችውን ሴት አየ። ከዚያ ላይተሩን ወረወረ። ጎኗ ላይ ወደቀ። ባቲዮኖ አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኖ ገባና ሲሊንደሩን ዘጋው። ኮሲ ባዶ እጆቹን እያሳየ በዝግታ ተጠጋ። ሶላንዥ ግን ማንንም አልጠበቀችም፤ አንድ ጣሳ ዙምኩም ይዛ አልፋቸው ሮጠች። ዝንጅብል የሸተተውን የማሽላ መጠጥ ባሏ ቆሞ ጠጣው፤ ግማሹ በደረቱ ፈሰሰ።

በኋላ፣ ዶምባና ሶላንዥ መኪናው ውስጥ ሆነው ለሆስፒታል የሚይዙት ልብስ እስኪመጣላቸው፣ ኮሲ ታላቶን ዛፉ ሥር አስቀመጣት። «መጀመሪያ ውሃ ይጠጡ» አላት። «እሺ፣ አሁን ከሁሉ የከበደው የቱ ነበር?» ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ እሷ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው። ሰው ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ነበር።

«መመለሱ» አለች። «እጅህን ስታነሳ ተናድጄብህ ነበር።»

«ይቅርታ፣ ማዳም። ሽታው—»

«ይቅርታ አትበል። ከበሩ ባልርቅ ኖሮ በሩን የሚከፍትበት ምክንያት አይኖረውም ነበር።» ምስጋና ከአፏ በቀላሉ አይወጣም፤ ሁልጊዜ ሪፖርት ላይ ትጽፈዋለች እንጂ ፊት ለፊት አትለውም። አሁን ግን ዓይኑን እያየች አለችው። «አመሰግናለሁ፣ ኮሲ። እጅህን ስላነሳህ አመሰግናለሁ።»

ኮሲ አንገቱን ደፋ። «እኔም ገረድ የተባለውን ስላልመዘገብኩ ደስ ብሎኛል» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከመነሳቷ በፊት አክስቷ ጋ ደወለች።

«አክስቴ፣ ዛሬ ሳሞ ደጅ ላይ ተኛሁ።»

«አንቺ?» ቢባታ እልል አለች። «ያቺ ሕዝብ መሀል የምትሸሸገዋ? ምን ከፈሉሽ?»

«ላይተር።»

«ላይተር ብቻ? አወይ ርካሽ! ያን ሁሉ ዓመት እየተኛሁ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው» አለች ታላቶ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አክስቴ።»

ዶምባ በዚያው ቀን ከኮሲ ጋር ሆስፒታል ገባ። መድኃኒቱ ከተስማማውና እንቅልፉ ከተመለሰለት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የወንድሙንም ሐዘን ተቀመጠ። ታላቶና አክስቷ ለቅሶ ሄዱ። ቢባታ የካርፋን ባርኔጣ ደፋች፤ ሁለቱም ደጁን አግድመው ተኙ፤ ዶምባም ከፈላቸው።