ሰባት ኪሎና አንድ ካፖርት

ሻንጣ ማሰናዳት ቀላል የሚመስለው ከደጁ ርቆ ለማያውቅ ሰው ነው፣ ልጆቼ። ምን ይዤ ልሂድ የሚለው ቶሎ ይመጣል፤ ምን ትቼ ልሂድ የሚለው ነው ሰውን የሚያስጨንቀው። ከይሪያ ግን ለዚህ አዲስ አልነበረችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ የመንግሥት ሆቴል አንሶላ ክፍል ሠርታለች። ሌላው አጥፎ ቁምሳጥን የሚሞላበትን አንሶላ፣ እሷ ጠቅልላ በግማሽ ቦታ ትጨርሰዋለች።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። ሆቴሉ ሦስት ሠራተኞች መረጠ። በግሪክ አገር ሀብታም ሽርሽረኞችን ከደሴት ደሴት የሚያዞር ትልቅ መርከብ አለ፤ እዚያ ላይ ስድስት ወር ሥራ ይማራሉ ተባለ። ከሦስቱ አንዷ ከይሪያ ሆነች። እስከ አቴና በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲያ በባሕር። ተምራ ስትመለስ የክፍሉ ኃላፊ ትሆናለች። እናቷ ሳፊያ ዓይኗ ከደከመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱም የሚኖሩት በዚህችው ልጅ ሥራ ነው። እንግዲህ ይህ ጉዞ ቀረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም።

ከመርከቡ የመጣው ወረቀት ቁርጥ ያለ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣ፤ እሱም ከአልጋ ሥር መግባት አለበት፤ የተረፈው ወደብ ላይ ይቀራል። አውሮፕላኑም ከሃያ ኪሎ በላይ አይወስድም።

ይህ ሁሉ ለከይሪያ ቀላል ነው። ከባዱ ዋሱ ነበር። ያኔ ከአገር የሚወጣ ሰው ዋስ ይጠራል፤ የወጣው ከቀረ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ንግድ ፈቃድ ያለው ዘመድ ደግሞ አንድ ብቻ አላት፤ የአባቷ ታላቅ ወንድም ነጅመዲን። የካ ላይ ጨውና ነጭ ጋዝ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው፤ መኖሪያው ካራ። የመስጊድ ሽማግሌዎች ለምነውት ፈረመ። ከፈረመባት ሰዓት ጀምሮ ግን እሱም አልተኛ፣ እሷንም አላስተኛ። ልጁ ሀሚድ ከአራት ዓመት በፊት ለትምህርት ብሎ ውጭ አገር ሄዶ ቀርቶበታል። በዚያ ሰበብ ነጅመዲን ሦስት ሳምንት ታስሮ፣ ጺሙን ተላጭቶ ነው የወጣው።

ለመሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ የሱቁን ተንጠልጣይ ሚዛን ይዞ መጣ። ሰላም አላለም። ጥቁሩን ካፖርት እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ።

ስለዚህ ካፖርት ልንገራችሁ። የከይሪያ አባት ካፖርት ነበር። ስድስት ቁልፍ አለው፤ አምስቱ ጥቁር፣ አንዷ፣ ከላይ ሦስተኛዋ፣ ቡናማ። ቡናማውን ሳፊያ ናት የሰፋችው፣ ዓይኗ ደህና ሳለ። ሰውየው የሞተ ዕለት ካፖርቱ ከምስማሩ ላይ ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ነጅመዲን ለብሶት ለለቅሶ መጣ። “በሕይወቱ ሳለ ሰጥቶኛል” አለ። ሳፊያ ቡና ቀዳችለት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእንጦጦ ውርጭ ሲወርድ ለብሶት ያልፋል፤ ከይሪያም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቡናማዋን ቁልፍ እያየች ጥርሷን ትነክሳለች።

“ሻንጣውን አምጪው” አላት።

“ለምን አጎቴ? ኪሎውን ሆቴል መዝነነዋል።”

“የሆቴሉን ሚዛን አላውቀውም። የእኔን ነው የማውቀው።”

ሚዛኑን ከበሩ መቃን ላይ አንጠለጠለ፤ ሻንጣውን ሰቀለው። አሥራ ስምንት ኪሎ።

“ሁለት ኪሎ ይተርፈኛል” አለች ከይሪያ፣ ትንሽ ኮራ ብላ።

“ሀሚድ ስንት ይዞ እንደሄደ ታውቂያለሽ? አሥራ ዘጠኝ። ይህችው ሚዛን ናት የመዘነችው። ‘አባባ፣ ለዓመት ነውኮ’ አለኝ። ይኸው አራት ዓመቱ!” ሻንጣውን አውርዶ መሬት ላይ ከፈተው። “የሚመለስ ሰው ሻንጣ አይከብድም። የሚከብደው የሚቀር ሰው ሻንጣ ነው።”

መጀመሪያ ጋቢውን ጎተተው። ሳፊያ ዓይኗን እያሻሸች ፈትላ ያስሠራችው ጋቢ ነው። ከይሪያ በገመድ ጥፍር አድርጋ አስራው ክንድ አክሎ ነበር፤ ሲፈታው ክፍሉን ሞላው።

“ጋቢ ለመርከብ?”

“ብርድ አለ ተብሏል።”

“ሠርተሽ ሙቂ!”

ሹራቡን አወጣ። ትርፍ ጫማዋን አወጣ፤ ካልሲ የጠቀጠቀችበትን ሳይቀር አራግፎ። ፎጣውን አወጣ። ከሥር የእናቷን ፎቶግራፍ አገኘ።

“ይህስ?”

“የእናቴ ፎቶ ነው። እሱም ይከብዳል?”

“ፎቶ የሚይዝ ሰው ሊናፍቅ ተሰናድቷል። ሊናፍቅ የተሰናዳ አይመለስም።”

ጎረቤታቸው እማማ ጂቱ ለመንገዷ ጩኮ በጣሳ ይዘው መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እርጅናም ሆነ ባለሱቅ የማይፈሩ ሴት ናቸው። “አንተ ሰውዬ” አሉት፣ “የምትልከው ሰው ነው ወይስ ፖስታ? ለምን ቴምብር ለጥፈህ አትገላገልም?”

“እርስዎን ማን ጠየቀዎት? ጣሳውን ያምጡት፣ ይመዘን።”

“ጩኮዬን በዚያ ጋዝ በነካ እጅህ እንዳትነካ! ገብስ ቆልቼ፣ ቅቤ አንጥሬ… ይልቅ ሌላውን መዝን! ክፋትህንም አብረህ መዝነው፣ ሚዛንህ ከቻለ።”

ሳፊያ ከአልጋው ጫፍ ሆና፣ “ነጅመዲን፣ አላህን ፍራ። ልጅቱ የወንድምህ ልጅ ናት” አለችው።

“የወንድሜ ልጅ ባትሆን መች ፈርሜ! ስሙኝ። ወይ እነዚህ ይወጣሉ፣ ወይ ነገ ጠዋት ቀበሌ ሄጄ ፊርማዬን አነሳለሁ።”

ከይሪያ አየችው። የሻንጣውን ክዳን ወደ እሱ ገፋችለት። “ይውሰዱት” አለች።

የተረፈው ሁለት ነጭ ሸሚዝ፣ ሁለት ጥቁር ጉርድ፣ አንድ ድሪያ፣ ሻሽ፣ የውስጥ ልብስና ስስ መስገጃ ነው። ሰቀለው። ከነሻንጣው ሰባት ኪሎ።

“አሁን የሚመለስ ሰው ሻንጣ ሆነ” አለ። ያወጣውን ሁሉ በጋቢው ጠቅልሎ ተሸከመ። ሱቅ ባስቀምጠው ማታ መጥታ ትወስደዋለች ብሎ፣ በዚያው በአውቶቡስ ካራ ቤቱ ወስዶ ቆለፈበት። የእማማ ጂቱ ጣሳ ብቻ ቀረ፤ አልሰጥም ብለው እቅፋቸው ውስጥ ይዘውት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቀበሌ ተቀጠሩ። ደንቡ እንዲህ ነበር፤ የሚወጣው ሰው ሻንጣውን ይዞ፣ ዋሱን አስከትሎ ይቀርባል፤ ጸሐፊው አይቶ፣ የመውጫ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ይመታል። ጸሐፊው ጓድ ሀብተወልድ ይባላል። ለነጅመዲን ልጅ የሚሆን ጎልማሳ ነው፤ ግን የሚጠራው “አንተ” እያለ ነው። እሱ ደግሞ ስብሰባ አለብኝና ስድስት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ ብሏል። ነገ ጠዋት አውሮፕላኑ ይነሳል።

ሀብተወልድ ሻንጣውን በአንድ ጣቱ አነሳው። ደግሞ አስቀመጠው። ደግሞ አነሳው።

“ይህ ምንድነው?”

“ሻንጣዬ ነው ጓድ” አለች ከይሪያ።

“ለስንት ጊዜ ነው የምትሄጂው?”

“ለስድስት ወር።”

“ለስድስት ወር በዚህ?” ከፍቶ አየው፤ ፊቱ ጠቆረ። “አምና አንዱ በጥርስ ብሩሽ ብቻ ወጥቶ ቀረ። ለምን? ዕቃው ቀድሞ ሄዷል! ወዲያ ማዶ የሚቀበለው ሰው አለዋ! እኛ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለን ባዶ ሻንጣ ላይ ማኅተም ስንመታ… ዕቃሽን ማን ላከልሽ? ሀሚድ ነው የሚቀበልሽ?”

የሀሚድ ስም ሲነሳ ነጅመዲን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። ታኅሣሥ ነውኮ! ካፖርቱን እንኳ ሱቅ ምስማር ላይ ትቶ ነበር የመጣው፣ ድሃ ለመምሰል።

ከይሪያ እውነቱን አፏ ጫፍ ላይ አደረሰችው። እሱ ነው ያወጣው፣ አያምነኝም፣ ልትል። ይህን ካለች ግን አለቀ፤ ዋሱ ያላመናትን ማን ያምናታል? እሱም “ካላመንካት ለምን ፈረምክ?” ተብሎ ተመልሶ እስር ቤት ይገባል። ደስ ይላት ነበር፣ አልዋሻችሁም። ግን ጉዞዋ አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ቀስ ብላ ዞር አለችና ዓይኑን አየችው።

“አጎቴ ያውቃሉ” አለች። “ዋሴ እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ይጠይቋቸው።”

ነጅመዲን ወደ በሩ ጠቆመ። “ቀሪው… ቀሪው ዕቃ ሱቅ ነው፣ ጓድ። ሊመዘን ብለን።”

“ሱቅህ የት ነው?”

“ይኸው፣ ማዶ።”

“አምጣዋ! ሃያ ደቂቃ አለህ።”

ነጅመዲን ወጣ። ጋቢው ካራ፣ ሹራቡ ካራ፣ ጫማው ካራ፣ ቁልፍ ተቆልፎበት። ካራ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሰዓትም አይበቃም። ሱቁ ውስጥ ያለው ደግሞ ጨው፣ ሳሙናና ጋዝ ነው። ከይሪያ በመስኮቱ አየችው፤ ሱቁ ውስጥ እንደ ታሰረ ዶሮ ወዲህ ወዲያ ይላል። ወደ ስድስት ሰዓት ሲሆን እያለከለከ ተመለሰ። አራት ሳሙና፣ ለጆንያ የሚሆን ነጭ አቡጀዴ፣ እና በክንዱ ላይ ጥቁሩን ካፖርት።

ሀብተወልድ ካፖርቱን ብድግ አድርጎ በትከሻው ልክ ዘረጋው። “ይህ የወንድ አይደለም እንዴ?”

ነጅመዲን ሳሙናውን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

“የማን ነው?” አለ ሀብተወልድ።

ነጅመዲን ከይሪያን አየ። እሷ ቡናማዋን ቁልፍ ነው የምታየው። ምንም አላገዘችውም።

“የ… የአባቷ ነው” አለ ነጅመዲን።

“አልሰማሁህም።”

“የአባቷ ካፖርት ነው! የሟቹ ወንድሜ። የእሷ ነው። እኔ… አስቀምጬላት ነው።”

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልወጣ ቃል በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ከይሪያ ተንበረከከችና ሳሙናውን ጫማዋ ባዶ በተወው ጥግ ደረደረች፤ አቡጀዴውን ጠቅልላ መሐል ከተተች። ካፖርቱ ግን አይገባም፤ ወፍራም ነው። ተነስታ ለበሰችው። እጅጌው ጣቷን ሸፈነ።

ሀብተወልድ ብዕሩን አነሳ። በመውጫ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ዕቃውን አንድ በአንድ ጻፈ፣ ሲጽፍም ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ “… አቡጀዴ። የአባት ካፖርት፣ አንድ። ስትመለሺ ይህ ሁሉ ይታያል፣ ጓዲት። አንተም ስማ!” ማኅተሙን ቧ አደረገው።

ገና የቀበሌውን አጥር እንዳለፉ ነጅመዲን እጅጌዋን ያዘ።

“አውልቂ።”

“ምኑን?”

“አትቀልጂብኝ! ካፖርቴን!”

“የማን ነው ብለው ነበር ጓድ ሀብተወልድ ፊት?” ወረቀቱን አውጥታ ጀርባውን አሳየችው። “ያንብቡታ። ከእኔ ጋር ይወጣል፣ ከእኔ ጋር ይገባል። ካልያዝኩት አጎቴ፣ ተጠያቂው ዋሱ ነው።”

“አንቺ እባብ!”

“የወንድምዎ ልጅ ነኝ።” ትታው ዳገቱን ወጣች።

ቤት ስትገባ ሳፊያ በኮቴዋ ለየቻት፤ ተነስታ ልትዳብሳት እጇን ዘረጋች። ጣቷ ሦስተኛዋ ቁልፍ ላይ ቆመ። ቡናማዋን በቀለሟ ሳይሆን በክሯ ነው ያወቀቻት፤ በወፍራም ክር አራት ጊዜ ደርባ የሰፋችው ናትና።

“ከየት አገኘሽው?”

“ራሱ በአፉ መለሰው፣ እማ።”

ሳፊያ ፊቷን ካፖርቱ ላይ ደፍታ ቆየች። “ጋዝ ጋዝ ይላል” አለች በመጨረሻ።

ከይሪያ ስለ መርከቡ ብዙ አላወራችም። ይህን ግን ትነግረን ነበር፤ ከሌላ አገር የመጡት ሴቶች በቁመታቸው ልክ ሻንጣ ይዘው መጥተው፣ ከአልጋ ሥር አልገባ ሲል ወደብ ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ፣ የእሷ ሻንጣ ገብቶ ሥፍራ ተረፈ። የተረፈውን ሥፍራ ለአንዲት አለቃሽ ሰጠቻት። በብርዱ ጊዜ ካፖርቱን ለብሳ ትተኛለች፣ ሲሞቅ ትራስ ታደርገዋለች። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ከሠራ፣ ያ ነው ሸክም የማይባለው።

በስድስተኛው ወር ማለቂያ ነጅመዲን ሱቁን መክፈት ተወ ማለት ይቻላል፤ በሩ ላይ ቆሞ መንገድ ማየት ነው ሥራው። እማማ ጂቱ ባለፉ ቁጥር፣ “ፖስታው ገና አልመጣም እንዴ?” እያሉ ያቃጥሉት ነበር።

ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ከእንጦጦ የወረደው ጉም መንገዱን እንደሸፈነ፣ አንድ ጥቁር ካፖርት ብቅ አለ። ሻንጣው በአንድ እጇ ነው፤ ያችው ሰባት ኪሎ። ነጅመዲን የሱቁን በር መቃን ያዘ። ከዚያ የካፖርቱ ነገር ትዝ ሲለው ፊቱን አጠቆረ።

“መጣሽ?”

“መጣሁ።”

“አይከብድም ያ ካፖርት፣ በዚያ ሁሉ መንገድ?”

“የለበሱት ልብስ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፣ አጎቴ።” ሻንጣዋን ጨው የሚመዘንበት ሚዛን ሥር አስቀመጠች፤ አልሰቀለችውም። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች፤ በመርከቡ እያለች በልኳ አሳጥራው ነበር። “ተመልሻለሁ። ዋስነትዎ አለቀ። አሁን እናቴ ጋቢዋን ትፈልጋለች።”

“ነገ አመጣዋለሁ።”

“እዚሁ እጠብቃለሁ” አለች፤ የሱቁን ዱካ ስባም ተቀመጠች። “የካራ አውቶቡስ አሁን ይመጣል።”