በአስካል ታደለ ስም

“ተይዟል ይላል” አለ ዮናስ።

“ምኑ ነው የተያዘው?”

“ስምሽ።”

አስካል ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ጠዋት ዮናስ ጂንካ ባለው ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ፣ ሠራተኛና አሠሪ በሚገናኙበት ሊንክዲን ላይ የከፈተላት ገጽ ከፊቷ ነበር። የገጹን አድራሻ፣ ሊንኩን፣ ለማግኘት ብዙ ፈልገው፣ በመጨረሻ ከፎቶዋ በስተቀኝ ከአንዲት ትንሽ የእርሳስ ምልክት አጠገብ አገኙት። ስሟ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ከስሟ ኋላ ግን ማንም ያላዘዛቸው ፊደሎችና ቁጥሮች ተከታትለዋል። ዮናስ እነሱን አጥፍቶ ስሟን ብቻ ለማስቀረት ሲሞክር ነው ቀይ ጽሑፍ የመጣው።

ሰዓቱ ስምንት ነበር። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሊንኳን ካልላከች ስሟ አይታተምም።

አስካል ኦሞ ዳር ወዳሉት መንደሮች፣ ዱስና ኮልቾ፣ ለሚወርዱ ሐኪሞች፣ አጥኚዎችና ቱሪስቶች አስራ ሁለት ዓመት አስተርጉማለች። ሐመርኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። በታተሙት ሪፖርቶች ሁሉ ግን “የአካባቢው አስተርጓሚ” ከመባል በቀር ስም የላትም። አሁን የኦሞ ወንዝ ዳር እርሻን ሲያጠና የቆየው ቡድን መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። አስተባባሪዋ ኤልሳቤጥ ከአዲስ አበባ ትናንት ደውላ ነበር።

“አስካልዬ፣ የቡድኑ አባላት ስም ከነሊንካቸው ገጽ ሁለት ላይ ይወጣል። ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ ሰው አይቶ ሊጽፈው የሚችል አጭር ይሁን።”

“ያልላከ ሰው ምን ይሆናል?”

“ምስጋናው ውስጥ ስሙ ሳይጠራ ከሌሎቹ ጋር በጅምላ ይገባል። ነገ አስራ አንድ ሰዓት ፋይሉ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እኔም አልችልም።”

“አዲስ አበባ ብቻ መቶ አስካል ታደለ አይጠፋም” አለ ዮናስ ቀዩን ጽሑፍ እያየ። “አንዷ ቀድማሽ ይሆናል።”

“እስቲ ክፈታት። ትታይ።”

ኔትወርኩ ደካማ ነበር። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ ሰማይ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሻሽ፣ ቀጥሎ የአስካል የራሷ ግንባር። ዱስ ላይ ኦሞን ከጀርባዋ አድርጋ ቆማለች። የለበሰችው ቲሸርት ላይ የወንድይፍራው አስጎብኚ ድርጅት አርማ አለ።

“አንቺ ነሽ እኮ! መቼ ከፈትሽው?”

“እኔ አልከፈትኩም።”

ከስድስት ዓመት በፊት፣ የወንድይፍራው ሠራተኛ ሳለች፣ ሁላቸውንም ተራ በተራ ፎቶ አንስቶ ነበር። “ለእናንተው ጥቅም ነው” ብሏቸዋል። ለምን ዓይነት ጥቅም ብላ አልጠየቀችም።

ቦርሳዋን አነሳች። “ጄኔሬተሩ ላይ ቤንዚን ጨምርበት። እመለሳለሁ።”

“መብራቱ መች ጠፋ?”

“ይጠፋል።”

የወንድይፍራው ቢሮ ከአሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ማዶ ነው። ሜዳውን አቋርጣ ስትደርስ ጫማዋ ሣርና ጭቃ ይዞ ነበር። ወንድይፍራው ከጠረጴዛው ተነስቶ ጨበጣት። አያቱ ከሰሜን መጥተው ጂንካ ላይ ሱቅ ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ እሱም እንግዳ ማክበር ያውቃል።

“አስኩ! ከየት ተገኘሽ? ተቀመጪ።”

“አልቀመጥም፣ ጋሽ ወንድይፍራው። በስሜ የከፈቱትን ገጽ አይቼው ነው የመጣሁት።”

ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ሳቀ። “ያን ነው? እኔ ደግሞ ምን ሆንሽ ብዬ! ነይ፣ አንቺው እዪው፤ ምንም ክፉ ነገር የለበትም።”

ላፕቶፑን አዞረላት። የምታውቃቸው ሰዎች የጻፉላት አስራ አንድ ምስክርነት አለ። አንድ ሐኪም፣ “አስካል ሕመምተኛው ያፈረበትን ቃል ሳታሳፍረው ታስተላልፋለች” ብሎ ጽፏል። ሐኪሙን አስታወሰችው። ኮልቾ ላይ ውሃውን ለበሽተኛ ሰጥቶ እሱ ተጠምቶ የዋለ ሰው ነው። የጻፈላት ከአምስት ዓመት በፊት ነበር።

ከዚያ መልእክቶቹን ከፈተች። ሠላሳ አንድ ናቸው። ሁሉም “ውድ አስካል” ይላሉ፤ ለሁሉም በእሷ ስም መልስ ተሰጥቷል። አንዱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በኮሮናው ዓመት አንዲት የቋንቋ ተመራማሪ የሐመርኛ ድምፅ ቅጂዎችን ቤቷ ተቀምጣ እንድትተረጉምላት ጠይቃታለች፤ የስድስት ወር ሥራ። መልሱ፣ “አዝናለሁ፣ ሕፃን ልጅ ስላለኝ አይመቸኝም። ጓደኛዬ ፀደይ ትሠራልሻለች” ይላል።

“ፀደይ የእህትዎ ልጅ ናት?”

“አዎ።”

“ሐመርኛ ትችላለች?”

“እየሠራች ለመደች።”

“ያን ዓመት ልጅ አልነበረኝም። ገበያ ሽንኩርት እሸጥ ነበር።”

ወንድይፍራው መነጽሩን አወለቀ። “አስኩ፣ ያን ዓመት ማን ደህና ነበር? እኔ ሁለት መኪና ሸጫለሁ። የቤቴን ሰው ላብላ ብዬ ነው።” ድምፁ ውሸት አልነበረበትም። “ደግሞ ስምሽን ፈረንጅ ሁሉ እንዲያውቀው ያደረግሁት እኔ ነኝ። አራት መቶ ሰው ይከተልሻል።”

“እኔን ነው የሚከተሉት።”

“ታዲያ ውሰጂው! ፓስወርዱን እሰጥሻለሁ። ሊንኩንም ለመጽሐፉ ላኪው። ኢሜይሉ ብቻ የኔው ይሁን። የቱሪስት ወቅቱ እየመጣ ነው፣ ሥራ ሲገኝ ተነጋግረን እንሠራለን።”

አስካል ስክሪኑን አየች። ሊንኩ ላይ ስሟ ንጹሕ ነበር፤ ቁጥር የለው፣ ጅራት የለው። እዚያው ቆማ ለኤልሳቤጥ ብትልከው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አስራ አንዱ ምስክርነት የእሷ ነው፣ ላቧ ነው።

“መልእክቱ ወደ እርስዎ እየመጣ ሊንኩ የኔ አይሆንም” አለች። “ኢሜይሉን ይቀይሩልኝ። ያለዚያ ገጹን ይዝጉት።”

“እንዴት ነው የሚዘጋው? ያን ሁሉ ምስክርነት ልታጠፊው ነው?”

“ሰዎቹ በሕይወት አሉ። ዳግመኛ እጠይቃቸዋለሁ።”

“ላስብበት። ነገ ነይ።”

“እስከ ነገ ያስቡ። ነገ ካልተዘጋ ፎቶዬንና መታወቂያዬን ይዤ ለሊንክዲን አመለክታለሁ።”

ወንድይፍራው መነጽሩን መልሶ አደረገ። “ድሮ ቀና ብለሽ አታዪኝም ነበር” አለ።

ከቢሮው ስትወጣ አስር ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ቀርቶታል። ሜዳውን በሩጫ አለፈችው።

መብራት ጠፍቷል። የዮናስ ጄኔሬተር ደጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይጮሃል።

“ነቢይ ነሽ እንዴ?” አላት። “ጋሽ ወንድይፍራው ገጹን ሰጠሽ?”

“ተወው። የእኛን ሊንክ ቀይረው። የአያቴን ስም ጨምርበት፣ ኤርጎ።”

“‘ጋይድ’ ብንጨምርበት አይሻልም? ወይ ‘ጂንካ’። ቱሪስት ሲፈልግ ቶሎ ያገኝሻል።”

“ጋይድ አይደለሁም፤ አስተርጓሚ ነኝ። መታወቂያዬ ላይ እስከ አያት ነው የተጻፈው፣ እንደዚያው አድርገው።”

ዮናስ ጻፈ። ተጫነ። ክቧ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፤ ከዚያ አረንጓዴ ሆነች። ማንም አልያዘውም። አስካል ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ አልጎደሉም።

የዮናስ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

“ይኸው” አለ ስልኩን እያየ። “ሊንክዲን ሊንክሽ ተቀይሯል ብሎ ላከ።”

“ለማን ነው የላከው?”

“ለኔ ነዋ።”

አስካል ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

“ለየደንበኛው ኢሜይል የምከፍተው እኔው ነኝ” አለ ዮናስ። “ሁሉም እዚህ ስልክ ላይ ናቸው። ሰው ይረሳላ! ሲረሱ ወደኔ ይመጣሉ። መልእክት ሲመጣልሽ እደውልልሻለሁ፤ ታውቂኛለሽ።”

ታውቀዋለች። ካደረገላት ሁሉ ለግማሹ ገንዘብ አልተቀበላትም፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራንም ሁሉ የሚወዱት ልጅ ነው።

“የኔን ኢሜይል አስገባ” አለች። “ያንተን አውጣው። ፓስወርዱም ይቀየር።”

“አሁን? አስር ከሃያ ሆኗል እኮ! ማረጋገጫ ቁጥር እስኪመጣ በዚህ ኔትወርክ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ሊንኩን ላኪላት፤ ነገ ተረጋግተን እንቀይረዋለን።”

“መጀመሪያ ይቀየር።”

“ቢያመልጥሽስ? አስራ ሁለት ዓመት የጠበቅሽው ነው።”

“ከታተመ በኋላ የሚጽፍልኝ ሰው ወደኔ ይምጣ። ቀይረው፣ ዮናስ።”

ራሱን እየነቀነቀ ኢሜይሏን አስገባ። ሁለቱም ስልኳን ሲያዩ ቆዩ። አስር ከአርባ ላይ ስድስቱ ቁጥሮች መጡ። ዮናስ የፓስወርዱን ቦታ ከፍቶ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ ዘረጋ።

“ምን ልበለው? የልደት ዓመትሽን?”

አስካል ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችው።

“ፊትህን አዙርልኝ።”

“እኔ?”

“አንተ።”

ለአፍታ አያት፤ የቀለደች መስሎት ነበር። አልቀለደችም። “ብትረሺውስ?” አለ ቅር ብሎት።

“የምረሳው እኔ ልሁን።”

ዮናስ ወንበሩን ወደ ደጁ አዞረ። አስካል በአንድ ጣቷ፣ ፊደል እየፈለገች፣ መጻፍ ጀመረች።