የሐጂ በድሩ ሦስተኛ ማርሽ

መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ወላሂ ምንም! ከሚሴ ውስጥ ከእሷ የተሻለ ጤነኛ ላንድክሩዘር ካለ እኔ ሙጂብ ጋራዤን ዘግቼ በርበሬ ልቸርችር። ግን ይህን ማን ይስማኝ? የመኪናዋ ባለቤት ሐጂ በድሩ ናቸው። ሐጂ በድሩ ደግሞ የሱዓድ አባት ናቸው።

ሱዓድን ላገባ ሽማግሌ ልኬ ነው ጣጣው የጀመረው። ሼህ ሙሐመድዘይን ሁለት ሰው አስከትለው ሄዱልኝ። ሐጂ ሰምተው ሰምተው ሲያበቁ፣ "ልጁ መካኒክ ነው አላችሁኝ?" አሉ። "እንግዲያው መኪናዬ ከታች አትስብም፤ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም። ከሦስተኛ ማርሽ ሳትወርድ ላይኛው መንደር ድረስ እንድታወጣኝ ያድርጋትና መልሴን ያን ጊዜ እነግራችኋለሁ። አንዲት መኪና ማስተካከል ያልቻለ ቤት እንዴት ያስተካክላል?" ሼሁ ደስ ብሏቸው መጡ። "አብሽር፣ ነገሩ አልቋል!" አሉኝ። ያለቅሁትስ እኔ ነኝ።

ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር የራሱ አመል አለው። ቱርቦው አየር የሚነፋው ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ነው። ሞተሩ ሲያንቀላፋ እሱም አብሮ ያንቀላፋል። ስለዚህ ዳገት ሲመጣ ሰው ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩን ያነቃዋል፣ ይወጣል። ይህንን የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሐጂ ግን ሦስተኛ ላይ ቁጭ! ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ እሳቸው ንቅንቅ የለም። ከዚያ ጥፍት ትላለች። ወርደው ጎማዋን በከዘራ መታ ያደርጉና "አየህ? ጉልበት የላትም" ይሉኛል።

ያላደረግኩት ነገር የለም። የአየር ፊልትሮውን ቀየርኩ፤ የሰንበቴ ገበያን መንገድ አቧራ በሙሉ ውጦ ነበር። ከቱርቦው የሚወጡትን ቱቦዎች አንድ በአንድ ፈትቼ አየር የሚያሾልከውን አገኘሁና ቀየርኩት። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አጸዳሁ። የናፍጣ ፖምፓውን ደሴ ልኬ አስተካክዬ አመጣሁ። እንድታምር ብለው ያስገቡትን ትልልቅ ጎማ አስወልቄ ልኳ የሆነውን መለስኩላት፤ ለዚያውም ስንት ተጨቃጭቀን! ለውጥ አልነበረውም አልልም። እኔ ስነዳት ገና ከታች ጀምራ ትጎትታለች። ሐጂ ሲነዷት ትሞታለች።

በማግስቱ ይመጣሉ። "ኢልማ ኮ፣ አሁንም ከታች አትስብም።" ልጄ ማለታቸው ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚሉት ጨጓራዬን ይልጠዋል።

"ለምን እቅጩን አትነግራቸውም?" ትሉ ይሆናል። እስቲ እናንተ ንገሩ! የምታገቧትን ልጅ አባት፣ መካ ደርሰው የመጡ ትልቅ ሰው፣ "መንዳት አይችሉም" በሏቸውና ልያችሁ! እኔማ አንድ ቀን በጣም ለስለስ አድርጌ፣ "ሐጂ፣ ምናልባት እዚያ ኩርባ ላይ ሁለተኛ ቢያደርጓትስ?" አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "እኔ መሪ ስጨብጥ አባትህ ባቲ የሚሄደው በአህያ ነበር" አሉኝ።

ሱዓድም አላረፈችም። ጨርቅ ሱቋ ፊት ሳልፍ በዓይኗ ትጠራኛለች። "አንድ መኪና አቃተህ?"

"ደርሷል።"

"ሁልጊዜ ደርሷል ነው! ከባቲ ሌላ ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ ሰምተሃል? አባቴ ላንተ የሰጠውን ቃል አይሰብርም። ግን አንተ ካልቻልክ ቃሉም አብሮ አለቀ። ያን ጊዜ እኔ ምን ልበል?"

ምን ልበላት? አባትሽ መንዳት አይችሉም ልበላት? እየተቃጠልኩ ወደ ጋራዤ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ለጁምዓ ተቀጠረ። ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሐጂ ቤት ተቀመጡ፤ እኔና ሐጂ መኪናዋን ይዘን ወጣን። አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንቹ ላይ ገባን። በልቤ ዱዓ እያደረግኩ ነው፤ ያ ረቢ፣ ዛሬ እንኳ ሁለተኛ ማርሽን አሳያቸው! ዳገቱ ተጀመረ። ሐጂ ሦስተኛ። ዳገቱ ጠነከረ። ሐጂ ሦስተኛ። ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ፤ ዳሽቦርዱ ይንቀጠቀጣል፤ ከፊታችን ግመል የሚነዳ ሰው ጭሱን አይቶ መንገድ ለቀቀልን። እኔ በባዶው ወለል ላይ በግራ እግሬ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ! ኩርባው ጋ ስንደርስ ሁለቴ ተንገጫገጨችና ጥፍት አለች።

"አየህ?" አሉ ሐጂ።

ደሜ ፈላ። "ምኑን ነው የማየው? ማርሽ ይቀንሱ እንጂ ሐጂ! ለአላህ ብለው ማርሽ ይቀንሱ! መኪናዋ ምንም አልሆነችም፤ ችግሩ እርስዎ ነዎት!"

ከአፌ እንደወጣ ሱዓድም አብራ የወጣች መሰለኝ። ሐጂ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ይሰድቡኛል፣ ያወርዱኛል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ አሉና የግራ እግር ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ካልሲውንም አወለቁ። እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጣቶቻቸው አብጠዋል።

"ስኳር ነው" አሉ። "ከቁርጭምጭሚቴ በታች አይሰማኝም። ፍሪሲዮኑን መርገጤን አለመርገጤን አላውቅም፤ አንዳንዴ ጎንበስ ብዬ በዓይኔ አያለሁ። አንዴ ሦስተኛ ካስገባሁ እሷኑ ይዤ መሄድ ነው። ከታች ትሳብልኝ ያልኩህ ለዚህ ነው።"

አዘንኩ፤ ግን ንዴቱ ቀደመኝ። "በዚህ እግር ነው ሰው ጭነው ሰንበቴ የሚሄዱት? ሰው ይጨርሳሉ እኮ! ማን ያውቃል ይህን?"

"አላህና አንተ።"

"ሱዓድስ?"

"አውዙቢላህ! ሱዓድ ካወቀች ጥላኝ የምትሄድ ይመስልሃል? እናቷ የተኛች ጊዜ ትምህርቷን ትታ አስታመመቻት። አሁን ደግሞ እኔን ብላ ትዳሯን ትተዋለች። ንገራትና ልጅቷን በገዛ እጅህ እጣት።"

ብናገር ሱዓድን አጣለሁ፤ ዝም ብል እኚህ ሰው አንድ ቀን ገደል ይገባሉ። "እሺ፣ አልነግራትም" አልኩ። "ግን ከዛሬ ጀምሮ መሪ አይጨብጡም። ሰኞ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ። ሐኪሙ ከባድ ነው ካለ ደግሞ እኔ አልደብቃትም።"

ካልሲያቸውንና ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ። "ሰው ለምን መንዳት ተውክ ሲለኝስ?"

"የፈለጉትን ይበሉ!" አልኩ ተናድጄ። አይ አፌ! አይ እኔ!

ቦታ ተቀያየርን። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ነካ ሳደርጋት ያንን ዳገት ቀጥ ብላ ወጣችው፤ ጭስ እንኳ አልታየም። ሐጂ መስኮቱን ይዘው ቁልቁል ከሚሴን ያያሉ። "ደህና መኪና ናት" አሉ። "ናት!" አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

ቤት ስንደርስ ሼህ ሙሐመድዘይን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ማል ታኤ? ምን ሆነ? ወጣች?"

ሐጂ በዝግታ ተቀመጡ፤ ግራ እግራቸውን ከሽርጣቸው ስር ሸሸጉ። "አልወጣችም" አሉ። "ይህ ልጅ መኪናዬን ጭራሽ አበላሸብኝ። ድሮ ትንሽ ትሞክር ነበር፤ አሁን ለይቶላታል። እኔ ከእንግዲህ አልነካትም። እስኪሠራት ድረስ ራሱ ይንዳት፤ እኔንም ሰንበቴ ራሱ ያመላልሰኝ።"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሱዓድ የውሃ ጆግ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። በቁሜ ሞትኩ። ያን ሁሉ ቀን ግሪስ ውስጥ ተኝቼ! ያቺን የመሰለች መኪና አድርጌ!

"ሙጂብ፣ እውነት ነው?" አሉ ሼሁ።

ሐጂን አየኋቸው። ዓይናቸውን ከኔ ላይ አልነቀሉም።

"እውነት ነው" አልኩ። "አልቻልኩም።"

ሼሁ አንገታቸውን ደፉ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለባዕድ መኪናዬን አልሰጥም" አሉ። "ስለዚህ ዘመድ ይሁን። ልጄን ሰጥቼዋለሁ። ዱዓ አድርጉ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ። ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሚን አልኩ። ዱዓው እንዳበቃ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ "አይክፋህ ልጄ፣ የኔን ፒካፕ ለሌላ ጋራዥ ባሳያት ይሻላል" አለኝ። እስከ ማታ ከሚሴ በሙሉ ይሰማዋል።

ግቢ ስወጣ ሱዓድ ተከተለችኝ። ማንም እንደሌለ ዞር ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለእኔ እውነቱን ንገረኝ። እውነት አቃተህ?"

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አባቷ በመስኮቱ በኩል እያዩን ነው።

"አቃተኝ" አልኳት።

አዘነችልኝ። ከስድብ የባሰ እኮ ነው! ክንዴን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ "አይዞህ" አለችኝ። "ደሴ ጎበዝ መካኒክ አይጠፋም። ሄደህ ትንሽ ትንሽ ብትማርስ?"

"እሺ" አልኳት።